ማን እንደሞተ ያልጠየቅንበት ቀን

ሰሞኑን አንድ የቴሌግራም ገጽ ላይ «በሕይወታችሁ ያገኛችሁት ምርጥ ምክር ምንድን ነው?» የሚል ጥያቄ አየሁ። ከሥሩ የተደረደረው መልስ ጉድ ነው። አንዱ «ራስህን ሁን ተብያለሁ» ይላል፤ አለበለዚያ ማንን ሊሆን አስቦ እንደነበር አልነገረንም። አንዷ «ፈገግ በይ፣ ዓለምም ፈገግ ይልልሻል» ብላ አበባ ለጥፋለች። ሌላው «በማለዳ ተነሱ» ይላል፤ የጻፈው ግን እኩለ ቀን ላይ ነው። እኔም ልጽፍ ጀመርኩና ተውኩት። የእኔ ምክር አንድ መስመር አትሞላም፤ እሷን ለማግኘት ግን ግማሽ ቀን ሙሉ ደረቴን ስመታ ውያለሁ። ታሪኩን ካልሰማችሁ አትጥማችሁም። እስቲ ስሙኝ።

ያኔ ፍኖተ ሰላም ውስጥ በአንድ መሥሪያ ቤት የሥልጠና ባለሙያ ነበርኩ። የሥልጠና ባለሙያ ማለት ሠራተኛውን አዳራሽ ሰብስቦ ራሱ የማያደርገውን አድርጉ የሚል ሰው ነው። «ስሜትን መምራት»፣ «ውጤታማ ተግባቦት» የሚሉ ርዕሶች ነበሩኝ። በተግባቦት በኩል በተለይ የሚስተካከለኝ ያለ አይመስለኝም ነበር። ሰው አፉን ሳይከፍት ሊል ያሰበውን አውቃለሁ ባይ ነበርኩ። ይህን ባሕርዬን ልብ በሉልኝ፤ በኋላ ዋጋ ያስከፍለኛል።

አባቴ ከማንኩሳ ወጣ ብላ በምትገኝ የገጠር ቀበሌ በርበሬና በቆሎ ያመርታል። ልጆቹ «አያ» ነው የምንለው። እናቴ ከሞተች ወዲህ ብቻውን ነበር የሚኖረው። እህቴ ባሕር ዳር ናት፤ እኔ ፍኖተ ሰላም። በየበዓሉ እየሄድን ስኳርና ዘይት እናደርስለታለን፤ እሱ ይመርቀናል፤ እንመለሳለን። አንድ ፋሲካ ላይ «ይበልጣል፣ ይህ ቤት እኮ ሲመሽ ይጨንቃል» አለኝ። ወዲያው ገባኝ። ተግባቦት አይደል ሙያዬ? በሚቀጥለው ጊዜ በፀሐይ የሚሠራ ራዲዮ ገዝቼለት ሄድኩ። አያ ራዲዮውን አገላብጦ አየው፣ እኔንም አየኝ፣ «እግዜር ይስጥህ» ብሎ መደብ ላይ አስቀመጠው። በጣም ደስ ያለው መሰለኝ።

እንግዲህ ያን ቀን፣ ጥቅምት ውስጥ ነው፣ ጠዋት ቢሮ ገብቼ ገና ኮምፒዩተሩ ሳይከፈትልኝ በሩ ተንኳኳ። ቀና ስል ሦስት ሽማግሌዎች ነጭ ጋቢ ለብሰው በሩን ሞልተው ቆመዋል። ፊት ያሉት የአያ የነፍስ አባት ቄስ ሞላ ናቸው። ከጎናቸው የአያ ጎረቤት ጋሼ ደምለው አሉ። ሦስተኛውን ሽማግሌ ስማቸውን እስከዛሬ አላውቀውም፤ ሥራቸው መተንፈስ ብቻ ነበር።

በእኛ አገር ሦስት ሽማግሌ ቄስ አስቀድሞ በማለዳ ሥራ ቦታ ድረስ የሚመጣው ለምን እንደሆነ ማንም ያውቃል።

«ተቀመጡ እንጂ» አልኳቸው ወንበር እየሳብኩ።

«ግድ የለም፣ አንቀመጥም» አሉ ቄስ ሞላ።

«አያ ደኅና ነው?»

ቄስ ሞላ ጋሼ ደምለውን አዩ። ጋሼ ደምለው ጣሪያውን አዩ። ሦስተኛው ሽማግሌ ተነፈሱ።

«እግዚአብሔር ይመስገን» አሉ ቄስ ሞላ።

ይህ መልስ አይደለም። እኛ ዘንድ ያገኘም ያጣም፣ የታመመም የዳነም «እግዚአብሔር ይመስገን» ነው የሚለው።

«የዘንድሮ ዝናብ መልካም ነበር» አሉ ጋሼ ደምለው። «በርበሬውም ይዟል።»

«ይዟል» አሉ ቄስ ሞላ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ለመሆኑ ቁርስ ቀምሰሃል?» አሉኝ።

አለቀልኝ አልኩ። ከመንደር በማለዳ ተነስቶ መጥቶ ስለ ቁርሴ የሚጨነቅ ቄስ አንድ ነገር ይዟል ማለት ነው።

«የሚቀርቡህ የሥራ ጓደኞች ካሉ ብታስጠራቸው» ቀጠሉ። «ብቻህን ከምትሰማው ይሻላል። አንተ ደግሞ ቁጡ ነህ ይላሉ።»

የቢሮ ጸሐፊያችን ጥሩወርቅ ከወዲያ ክፍል ሰምታ ኖሮ ሳትጠራ መጣች። ተከትሎ የክፍሉ ኃላፊ መጣ። ሌሎችም ተሰበሰቡና እጃቸውን አጣምረው ግድግዳ ተደግፈው ቆሙ። ማንም አንድ ቃል አልጠየቀም። እንዲያ ያለ ጊዜ መጠየቅ ነውር ነው፤ ሰው ራሱ እስኪነግርህ ትጠብቃለህ። የሚነግረው ሰው ደግሞ አንተ ራስህ እስኪገባህ ይጠብቃል።

«ልጃችን» አሉ ቄስ ሞላ መስቀላቸውን በሁለት እጅ ይዘው። «የተማርክ ሰው ነህ። የሰው ልጅ ኑሮ እንደምታውቀው ነው። ፈጣሪ የፈቀደውን በጸጋ መቀበል ይገባል። መካሪ ሆነህ ሌላውን ስታጽናና እንደኖርክ ዛሬ ራስህ ጠና ማለት አለብህ። አባትህ...»

እዚህ ላይ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

ስልኬን አውጥቼ አያ ዘንድ ደወልኩ። ዝግ ነው። የአያ ስልክ ሁልጊዜ ዝግ ነው፤ ቻርጅ የሚያደርገው ወፍጮ ቤት ነውና ከእሱ ጋር ከሚውልበት ይልቅ ወፍጮ ቤት የሚውልበት ቀን ይበዛል። ይህን አሳምሬ አውቃለሁ። ያን ጠዋት ግን ስልኩ የተዘጋው ባለቤቱ ስለሌለ ነው ብዬ ደመደምኩ።

«አያ!» ብዬ ጮህኩ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን አብዛኛውን ከሰው አፍ ነው የሰማሁት። ራሴን መሬት ላይ ጥያለሁ። ጥሩወርቅ ነጠላዋን አዘቅዝቃ እሪ ብላለች፤ ጥሩወርቅ አያን አይታው አታውቅም። ኃላፊያችን «ሁላችንም ሟች ነን» እያለ ትከሻዬን ይደበድባል። እኔን ግን ቁርጤን ያሳወቀኝ የቄስ ሞላ ነገር ነው። መጀመሪያ ዓይናቸው ፈጠጠ፤ ከዚያ ግድግዳውን ተደግፈው «ወይኔ፣ ሳልደርስለት፣ ሳላናዝዘው» እያሉ ይንሰቀሰቁ ጀመር። ሦስተኛው ሽማግሌም ለመጀመሪያ ጊዜ ከመተንፈስ አልፈው አለቀሱ። የነፍስ አባቱ እንዲህ ከሆኑ ሌላ ምን ማስረጃ እፈልጋለሁ?

ሚኒባስ ተኮናተሩልኝ። ቢሮው ግማሹ ተሳፈረ። በዋናው መንገድ ስናልፍ ባጃጁም የፈረስ ጋሪውም ጥግ ይዞ ያሳልፈናል። መናኸሪያው በር ላይ አንድ ወደ ቡሬ የሚሄድ ሾፌር በመስኮት አንገቱን አውጥቶ «ማን ነው?» ሲል፣ ረዳታችን «የማንኩሳው አቶ ቸኮል፣ የይበልጣል አባት» አለው። ሾፌሩ ከንፈሩን መጦ ወሬውን ይዞልን ሄደ። በዚያ ሰሞን ገጠሩ ጋ ኔትወርክ እንደልብ አልነበረም፤ ወሬ የሚጓዘው በመኪና ነው።

እኔ ሚኒባሱ ውስጥ እዬዬ እላለሁ። ሰው ያዘነ ጊዜ ምን እንደሚል አያውቅም ይባላል፤ እኔ ግን ያልኩትን በኋላ ቃል በቃል እየደገሙ ስላሳዩኝ በደንብ አውቀዋለሁ። «አያ፣ ብቻህን አኖርኩህ! ውኃ የሚያቀብልህ ሰው ሳላኖርልህ! ብትነሳልኝ ያልከውን ሁሉ እሺ እልህ ነበር! የወደድከውን ባደረግህ፣ እኔ ምን ቸገረኝ!» እያልኩ ነበር። ለጥቂት ሰው በተሠራው ወንበር ላይ የተደራረቡት ባልደረቦቼ ሁሉ ይህን ሰምተዋል። ሦስቱም ሽማግሌዎች ሰምተዋል።

አያ ግቢ ስንደርስ መንደሩ ጩኸታችንን ሰምቶ ወጣ። ጎረቤቶቹ አያን ጠዋት በእግሩ ወደ ማንኩሳ ሲሄድ አይተውታል። እኔን ከፍኖተ ሰላም ከነቄሱ እያለቀስኩ ስመጣ ሲያዩኝ ደግሞ የጎደለውን ራሳቸው ሞሉት። ግቢው ገና ሳይሞላ አባቴ በመኪና ተገጭቶ፣ በደም ግፊትና በእባብ ሞቷል። አስከሬኑ እኔ እንደመሰለኝ ቤተ ክርስቲያን ነው፤ እነሱ እንደመሰላቸው ከሆስፒታል እየመጣ ነው። ቤቱ በቁልፍ ተዘግቷል። ማን ቆልፎት እንደሄደ የጠየቀ የለም። እድሩ ሸራ ተከለ፤ ሴቶች ንፍሮ ጣዱ፤ ጎረምሶች ዶማ ይዘው ወደ ቤተ ክርስቲያን ወረዱ። እንዲህ ያለ ቅልጥፍና በእኛ ቢሮ ሥራ ላይ አይቼ አላውቅም።

ከሸራው ሥር ተቀምጬ ድምፄ እስኪጠፋ አለቀስኩ። ያው «ብትነሳልኝ» የሚለውን እደጋግማለሁ። ሕዝቡም ደረቱን ይመታል። መካከል ላይ ደክሞኝ ዝም ስል ዓይኔ አጥሩ ሥር በተቀመጠ አንድ ሰው ላይ አረፈ። ራሱን ሙልጭ አድርጎ ተላጭቷል፤ አዲስ ጋቢ እስከ ዓይኑ ተከናንቧል፤ ትከሻው እየተንቀጠቀጠ ያለቅሳል። ከሕዝቡ ሁሉ የእሱ ለቅሶ ልቤን ነካው። ሌላው ያስተዛዝናል፤ ይህ ሰው ግን የምሩን ነው። ከሩቅ የመጣ ዘመድ መሆን አለበት አልኩ በሆዴ።

ይህን ሳስብ ከቡሬ በኩል የመጣ ባጃጅ በር ላይ ቆመ። አንዲት ጠና ያለች፣ ሰፋ ያለች ሴት ወረደች። ጥቁር ሻሽ አስራለች፤ ዓይኗ አብጧል፤ ቀሚሷ ላይ የበርበሬ ብናኝ አለ። እንደ ደንቡ ከበር ጀምራ መጮህ ነበረባት። አልጮኸችም። ሕዝቡን በክርኗ እየገፋች መሃል ገባችና ቆመች።

«ማን ነው የሞተው?» አለች።

እንዲህ ያለ ብልግና ሰምቶ የሚያውቅ አልነበረም። አንዲት አሮጊት «ኧረ በእመብርሃን» አሉ።

«ቸኮል ነዋ» አሏት ጋሼ ደምለው እያለቀሱ።

«ማን አየው?»

ጋሼ ደምለው ወደ ቄስ ሞላ ዞሩ። ቄስ ሞላ ወደ እኔ ዞሩ። እኔ ወደ ቄስ ሞላ ዞርኩ።

«እርስዎ አይደሉ የነገሩኝ?» አልኳቸው።

«እኔ?» አሉ። «እኔማ ገና ስጀምር ነው አንተ የጮህከው። እኛ ከተነሳን በኋላ የሆነውን በስልኩ የነገሩህ መስሎን እኮ ነው። ስንነሳ ደኅና ነበር፤ የመረቀን እሱ ነው።»

«ታዲያ ሬሳው የት ነው?» አለች ሴትዮዋ።

ያኔ አጥሩ ሥር ያለው ሰውዬ ጋቢውን ከፊቱ ላይ አወረደ። «እኔም እሱን ልጠይቅ ፈልጌ ነበር» አለ። «ደግሞ መጠየቅ አፈርኩ።»

አያ ነበር።

ጥሩወርቅ ወደቀች። ንፍሮ ጣጆቹ ድስቱን ጥለው አጥር ዘለሉ። ቄስ ሞላ መስቀላቸውን ወደ ፊት ዘርግተው አንድ ነገር በግዕዝ አነበነቡ፤ አያ ቀረብ ብሎ መስቀሉን ተሳለመ። እኔ እግሩ ላይ ተደፋሁ። ጋቢውን ጨብጬ ልለቀው አልቻልኩም፤ የሳሙናና የፀጉር ቤት ኮሎኛ ይሸታል። እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም።

«አያ፣ ታዲያ ምን ሆነህ ነው የምታለቅሰው?» አልኩት።

«ልጄ ሲያለቅስ አገኘሁት» አለ። «ማን እንደሞተ አላወቅሁም። እህትህ ትሆን ብዬ ልቤ ቆሞ ነበር። አያ፣ አያ ስትል ደግሞ የምትጠራኝ መሰለኝ። ብቻ ማንም ይሁን፣ አንተ ያለቀስክለት ሰው ነው ብዬ ተቀመጥኩ።»

ነገሩ እዚህ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። ደስታዬ ቀዝቀዝ ሲል ግን ጥያቄዬ ተነሳ። «ቄስ ሞላ፣ ታዲያ ለምን ነበር የመጣችሁት?»

ቄስ ሞላ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ልጃችን፣ የሰው ልጅ ኑሮ እንደምታውቀው...»

«ቄሱ፣ እባክዎን» አለች ሴትዮዋ። ወደ እኔ ዞረች። «አንጓች እባላለሁ። ቡሬ በርበሬ እነግዳለሁ፤ የአባትህን በርበሬ ስገዛ ኖሬያለሁ። ባሌ ሞቷል፤ የእሱም ሚስት ሞታለች። ልንጋባ ነው። ልጄን ሳላስፈቅድ አላገባም ብሎ ነው ሽማግሌ የላከብህ። ዛሬ የተላጨውም ከእኔ ጋር ሊተያይ ነው። ትፈቅዳለህ ወይስ አትፈቅድም?»

ሽማግሌ ለጋብቻም እንደሚላክ፣ እሺ እስኪባልም እንደማይቀመጥ ያን ጠዋት ጨርሶ ረስቼው ነበር። በሕይወቴ እንዲህ አጠር ያለ ንግግር ሰምቼ አላውቅም። እና ምን አደረግሁ መሰላችሁ? ተቆጣሁ። እግሩ ላይ ተደፍቼ የነበርኩት ሰውዬ ብድግ አልኩ። ስልሳውን ካለፈ በኋላ? በእናቴ ቤት? አገሩ ምን ይላል? እህቴስ? ራዲዮ ገዝቼለት የለም ወይ? «አይሆንም» ልል አፌን ከፈትኩ። ፊቴ ላይ አይቶታል መሰል አያ እጄን ያዘ።

«ይበልጣል» አለኝ ቀስ ብሎ። «ቅድም ሞቼ ሳለሁ ፈቅደህልኝ ነበር እኮ።»

ሕዝቡ ሁሉ ያየኛል። ጋሼ ደምለው፣ እግዜር ይይላቸው፣ «"የወደድከውን ባደረግህ፣ እኔ ምን ቸገረኝ" ብሏል፣ ሰምተናል» አሉ። ባልደረቦቼ ራሳቸውን ነቀነቁ። ጥሩወርቅ ከወደቀችበት ሆና «ውኃ የሚያቀብልህም ብሏል» አለች። አያ ግን ሕዝቡን አላየም፤ እኔን ብቻ ነው የሚያየው። የተላጨ ራሱ ትንሽ መሰለኝ። ስንት ዓመት ያ ቤት ሲመሽ ብቻውን እንደተቀመጠ ያኔ ነው የገባኝ። ያን ራዲዮ በሄድኩ ቁጥር መደብ ላይ በላስቲኩ እንደተጠቀለለ ማየቴም ትዝ አለኝ።

«እሺ» አልኩ። «እሺ አያ።»

ጎረምሶቹን ከመቃብር ጉድጓድ የሚመልስ ሰው ተላከ። ንፍሮው የደስታ ሆኖ ተበላ። የእድሩ ሸራም ሳይነቀል ሽማግሌዎቹ በመጨረሻ ከሥሩ ተቀምጠው መረቁ። ጥሩወርቅ እልል አለች፤ ከለቅሶዋ ይልቅ እልልታዋ ያምር ነበር።

ልሄድ ስነሳ እትዬ አንጓች ሚኒባሱ ድረስ ሸኘችኝ። «አንተ መካሪ ነህ አሉ» አለችኝ። «አውቅልሃለሁ ማለቴ አይደለም፤ ግን መጀመሪያ ጠይቅ፣ ከዚያ አልቅስ። ጉልበትህን እንኳ ታተርፋለህ።»

ይቺው ናት ምክሯ። በአበባ አላጌጠችም። ከዚያ ወዲህ «ውጤታማ ተግባቦት» የሚለውን ሥልጠና መስጠት ተውኩ፤ ኃላፊው ሲጠይቀኝ ጉንፋን ይዞኛል እላለሁ። ሰው ቢሮዬ ገብቶ ስለ ዝናብ ከጀመረ «ማን ሞተ?» ነው የምለው። ባለጌ አሉኝ። እናንተም በሉኝ። ግን እስቲ ራሳችሁን እዩ፦ ያልተነገራችሁን ሰምታችሁ ያኮረፋችሁት ስንት ነው? ያልጠየቃችሁትን አውቃችሁ የፈረዳችሁትስ? አባታችሁ «ይጨንቃል» ሲላችሁ ራዲዮ ገዝታችሁ ይሆናል። ሰው አጠገባችሁ በሕይወት ተቀምጦ ሳለ ስለሌለ ሰው ደረታችሁን ትመታላችሁ።

አያና እትዬ አንጓች አብረው ኖሩ። እሷ ወደ እሱ ቤት ገባች፤ በርበሬውን እሱ ያመርታል፣ እሷ ትሸጣለች። አያ ከድሮው ይልቅ አፉ ተፈታ። የእድሩን ሰዎች ባገኛቸው ቁጥር «የእኔን ለቅሶ አንድ ጊዜ በልታችኋል፣ ሁለተኛ አትመጡብኝ» ይላቸው ነበር።

ባለፈው የካቲት፣ ጠዋት፣ ስልኬ ጮኸ። እትዬ አንጓች ናት፤ ኔትወርክ ፍለጋ ከቤቱ በላይ ያለው ጉብታ ላይ ወጥታ ስለነበር ትንፋሽዋ ይቆራረጣል።

«ይበልጣል» አለች። «አባትህ ዛሬ ማለዳ አረፈ። ቄስ ሞላና ሌሎቹ ሊነግሩህ ተነስተዋል፤ ሳይደርሱ ስማው ብዬ ነው። አጠገቡ ነበርኩ። ውኃ ጠየቀኝ፤ ሰጠሁት።»

ብዙም ሳይቆይ በሩ ተንኳኳ። ሦስቱም አርጅተዋል። ተቀመጡ አልኳቸው፤ አንቀመጥም አሉ። ጋሼ ደምለው የዘንድሮ ዝናብ መልካም ነበር አሉ። ሦስተኛው ሽማግሌ ተነፈሱ። ቄስ ሞላ መስቀላቸውን በሁለት እጅ ይዘው «ልጃችን፣ የሰው ልጅ ኑሮ እንደምታውቀው...» ብለው ጀመሩ። አሳዘኑኝ።

«ቄስ ሞላ» አልኩ፣ «ማን ሞተ?»

መስቀላቸውን ዝቅ አደረጉ።

«አባትህ» አሉ።

ከዚያ አለቀስኩ።